ዝም ያልኩባቸው ነገሮች፤ ወደ ግንባር ለምትሄድ እና ከግንባር ለተመለሰች እህቴ

ባለፈው ኅዳር ሚካኤል እዚህ ደሴ ጎረቤቴ ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ቶናው ሊቀዳ ሲል አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪና ጎማ ፈነዳ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ። እኔና አንዲት ሃያዎቹን ያጋመሰች ልጅ ግን ቄጠማው ላይ በደረታችን ተኝተን ነበር። ሲኒዋን አልለቀቀችውም፤ የፈሰሰው ቡና ክንዷን ሲፈጃት እንኳ አልተሰማትም። ቀና ስንል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

በሳምንቱ ብቻዋን ቤቴ መጣች። ገና ሳትቀመጥ «እትዬ፣ እርስዎም ነበሩ እንዴ?» አለችኝ። «ነበርኩ» አልኳት። እሷ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት ውስጥ ነበረች፤ ከየትኛው ወገን እንደተሰለፈች አልጠየቅኋትም፣ አሁንም አልጠይቃትም። እስከ ማታ አወራን። ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ቆማ «ይህን ሁሉ አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ» አለች። ለእኔም የነገረኝ አልነበረም። ይህን የምጽፈው ስለዚህ ነው፤ ወደ ሠራዊት ለምትገባ፣ ውስጡ ላለች፣ ከዚያም ለተመለሰች ሴት።

ግንቦት 4 ቀን 1990 ዓ.ም. ባድመ ላይ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር 19 ዓመቴ ነበር። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤቴ የትም የሚያስገባ አልሆነም፤ ከእናቴ ጋር ጠላ እየጠመቅን እየሸጥን እንኖር ነበር። ግንቦት 28 ቀን መቀሌ ውስጥ የአይደር ትምህርት ቤት በአውሮፕላን ተደብድቦ ሕፃናት መሞታቸውን የሰማሁ ዕለት ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሐምሌ ከሰፈራችን ሦስት ልጆች ጋር ቀበሌ ሄጄ ተመዘገብኩ። የአገር ፍቅሩም ነበረ፣ ከጠላ ቤቱ መውጣት መፈለጉም ነበረ፤ ሁለቱም እውነት ስለሆኑ አንዱን ደብቄ ሌላውን ብቻ አላወራም። እናቴ አልተቆጣችም። «ወንድ ልጅ ሲዘምት ይፎከርለታል፤ ላንቺ ምን ተብሎ ይፎከራል ልጄ?» ብላኝ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጠረችልኝ።

ሥልጠናው ብር ሸለቆ ነበር። የጎጃም ክረምት ጭቃ ከነትጥቅ ሲያሰምጥ ሴት ወንድ አይልም። ስለ ሥልጠናው ብዙ አልልም፤ ከባድ ነው፣ ያልፋል። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ ሲያምሽ ቶሎ ተናገሪ። «ሴት ስለሆነች ነው ይሉኛል» ብላ የዳሌዋን ሕመም ሦስት ሳምንት የደበቀች ጓደኛዬ አጥንቷ ተሰንጥቆ ተገኘ፤ ዛሬም ብርድ ሲሆን ታነክሳለች። ከባድ ሸክም ተሸክሞ በየቀኑ ረጅም መንገድ መሄድ ያልለመደውን አጥንት ይሰነጥቃል፤ በሴቶች ላይ ደግሞ በብዛት ይደርሳል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚወጋና አርፈሽ የማይለቅሽ ሕመም ድካም አይደለም።

ከዚያ ለሕክምና ረዳትነት ተመረጥኩ። ደም ማቆም፣ የተሰበረ ማሰር፣ ግሉኮስ መትከል፣ ቃሬዛ ላይ ሰው ማውጣትና ማውረድ ተማርን። እጅ ወይም እግር ላይ የደም ማገጃ ከታሰረ የታሰረበት ሰዓት የቁስለኛው ግንባር ላይ ይጻፋል። ሆዱን የተመታ ሰው ምንም ቢለምን ውሃ አይሰጠውም። ይህ ሁለተኛው ትእዛዝ ስማር አንድ መስመር ነበር፤ ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅሁት በኋላ ነው። አስተማሪያችን ሌላም ነገር አስለመዱን። እያንዳንዳችን ደብተር እንድንይዝና ስም፣ ማዕረግ፣ ክፍል፣ ጉዳት፣ የተሰጠ ሕክምና፣ የተላከበት ብለን እንድናሰምር አዘዙን። «በደብተራችሁ ላይ የሌለ ቁስለኛ አልቆሰለም ማለት ነው» ይሉን ነበር። ያ ደብተር ዛሬም አለኝ።

በየካቲት 1991 ዓ.ም. ባድመ በኢትዮጵያ ጦር እጅ በገባችበት ወር እኔ ዛላምበሳ ግንባር ደረስኩ። ከአዲግራት በስተሰሜን ያለው አገር ድንጋይ ነው። ብዙ ቦታ ምሽጉ አይቆፈርም፤ ይካባል። ሌሊት ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ውሃ በቦቴ እስከ ሸለቆው ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ በአህያና በሰው ትከሻ በጀሪካን ይወጣል። ለአንድ ሰው በቀን ሁለት ኮዳ ከደረሰ ደግ ቀን ነው። በዚያ ውሃ ትጠጫለሽ፣ ትታጠቢያለሽ፣ ኮቾሮ የሚባለውን ደረቅ የወታደር ስንቅ ታረጥቢበታለሽ።

በሻለቃችን 11 ሴቶች ነበርን። ከስንቁ፣ ከትጥቁ፣ ከአልባሳቱ ዝርዝር ውስጥ ሴት መኖሯን የሚያስታውስ ነገር አልነበረም። የወር አበባ ሲመጣ አሮጌ ካናቴራ፣ የነጠላ ቁራጭ፣ የድንኳን ሸራ ሳይቀር እንጠቀም ነበር። ማጠቢያ ውሃ የለም። ቢታጠብም ማስጫ የለም፤ ነጭ ጨርቅ ምሽግ ላይ ከተሰጣ ከሩቅ ይታያል፣ መድፍ ይጠራል። ስለዚህ እርጥቡን ጨርቅ እደረታችን ውስጥ ከሸሚዙ ሥር አድርገን በሰውነታችን ሙቀት እናደርቅ ነበር። ብዙዎቻችን በዚህ ምክንያት ኢንፌክሽን ይዞን ታመናል፤ የታመመችም ለሐኪም «ሆዴን ነው» ትላለች እንጂ ሌላ ቃል አትተነፍስም።

የሻምበሉ መድኃኒት ሳጥን ያለው እኔ ጋ ነው። ሴቶቹ ማታ ማታ እየመጡ በሹክሹክታ ጎዝ፣ ያንን የቁስል መሸፈኛ ስስ ጨርቅ፣ ይለምኑኛል። እሰጣቸዋለሁ፤ መዝገቡ ላይ ግን «ለቁስል» ብዬ እጽፋለሁ። ስድስት ወር እንዲህ ስዋሽ ቆየሁ። አንድ ቀን የሻምበሉ አዛዥ ቆጠራ ሊያይ መጣና «ጎዙ ቶሎ ያለቀው ለምንድን ነው? በዚህ ወር ይህን ያህል ቁስለኛ አልነበረንም» አለኝ። ጉሮሮዬ ደረቀ። ሰረቀች እንዳይለኝ ፈራሁ፤ እውነቱን መናገር ደግሞ ከስርቆቱ በላይ አሳፈረኝ። በመጨረሻ «ለሴቶቹ ነው፤ የወር አበባ ነው» አልኩት። ፊቱ ሲቀላ አየሁ። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣና «ስንት ናችሁ?» አለኝ። «11።» መዝገቡ ላይ አዲስ መስመር አሰምሮ «የሴት አባላት ፍጆታ» ብሎ በገዛ እጁ ጻፈበት። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ጥጥና ጎዝ ለብቻው ይመጣልን ጀመር። ስድስት ወር ሙሉ በአንድ ጨርቅ ስንሻማ የኖርነው እኔ ሁለት ቃል ለመናገር ስላፈርኩ ነው።

በዚያው ዓመት ደግሞ የእኔ ወር አበባ ቀረ። ሰባት ወር አልመጣም። የብዙዎቻችን ቀረ። ምግብ ሲያንስ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ፣ ጭንቀት ሲበዛ የሴት ሰውነት እንዲህ ያደርጋል፤ ያኔ ግን ይህን የነገረኝ የለም። መካን ሆንኩ ብዬ አለቀስኩ። አንዷን ጓደኛችንን «አርግዛለች» ብለው አሟት፤ ወሬው ከጥይቱ ይልቅ ሰበራት። አንቺም ላይ ከደረሰ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ፤ እርግዝና ካልሆነ አትደንግጪ፤ ነገር ግን ሦስት ወር ካለፈ ለሐኪም ንገሪ። የእኔ ከሰባት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ። ኋላ አንዲት ሴት ልጅ ወልጃለሁ።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ጊዜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ለሁለት ሴቶች አንድ ድንጋይ ቤት ነበረን። ማታ ለሽንት ብቻችንን አንወጣም፤ አንዷ ትቆማለች፣ አንዷ ትቀመጣለች። ከጠላት ፈርተን ብቻ አልነበረም። አብረውን የተሰለፉት አብዛኞቹ ወንዶች ወንድሞቻችን ነበሩ፤ ቃሬዛ ተሸክመው ሳሉ ጥይት ሲመጣ በሰውነታቸው የከለሉኝ አሉ። አንድ የበላይ ግን ነበረ፤ አብራኝ የምታድረውን ልጅ ለሥራ እያለ በሌሊት ያስጠራት ጀመር። አንድ ሌሊት ስትመለስ ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ነበር፤ ብርድ አልነበረም። ምንም አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት። በኋላ ራሷ አመለከተች። ምስክር ሲጠየቅ «ማታ ስትወጣ አይቻለሁ፤ ምን እንደሆነ አላውቅም» አልኩ። ከፊሉ እውነት ነው። እሷ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረች፤ እሱ እዚያው ቀረ። ይህን ካደረግሁት ሃያ አምስት ዓመት አልፎታል፤ እስከ ዛሬ ከሁሉም በላይ የሚከብደኝ ይህ ነው። ይቅርታ ልጠይቃት ብዙ ፈልጌአታለሁ፤ አላገኘኋትም።

ስለዚህ በደረሰባት ሴት አጠገብ ካለሽ አትለፊያት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማን እንዳየ ጻፊ፤ ያየሽውን ሙሉውን መስክሪ። ደርሶብሽ ከሆነ ደግሞ እፍረቱ ያንቺ አይደለም፤ ሰዓቱ ግን ያሯሩጥሻል። በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ከደረሽ ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት ይሰጥሻል፤ እርግዝናን የሚከላከልም አለ፤ ቶሎ በደረሽ ቁጥር ይሻላል። እኛ ያኔ ይህን አናውቅም ነበር። ዛሬ ሕክምናውን፣ የምክር አገልግሎቱንና የሕግ ድጋፉን በአንድ ቦታ የሚሰጡ ማዕከላት አሉ፤ አዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው አንዱ ነው። ባትከሺ እንኳ ታከሚ።

ወደ ግንቦት 1992 ዓ.ም. ልምጣ። ግንቦት 4 ቀን በምዕራቡ ግንባር ውጊያው ዳግም ተጀመረ፤ እኛ ጋ ተራው የደረሰው በወሩ አጋማሽ ነው። ስለ ውጊያው የማውቀው በጣም ጥቂት ነው። አንዲት የሕክምና ረዳት የምታየው ጦርነት ከጉልበት በታች ያለውን ነው፤ ተንበርክካ የምታየውን። አንድ ልጅ መጣልኝ፤ ከደላንታ ነው፣ ከኔ በዕድሜ ያንሳል፤ ፍንጣሪ ሆዱን ገብቶበታል። አንጀቱን በእርጥብ ጎዝ ሸፍኜ አሰርኩት። ከቃሬዛው ጎን ሳለሁ እጄን ያዘና «እህቴ፣ ውሃ» አለኝ። «ትንሽ ቆይ፣ አዲግራት ሆስፒታል ስትደርስ ይሰጡሃል» አልኩት። ኮዳዬ ወገቤ ላይ ነው፤ ሲንቦጫረቅ ይሰማዋል። «እህቴ በእመብርሃን» አለኝ። ጎዝ አርጥቤ ከንፈሩን አበስኩለት። ጎዙን በጥርሱ ነክሶ መጠጠው። ልነጥቀው አልቻልኩም፤ እንደያዘው ተውኩለት። መኪናው እስኪመጣ አልቆየም። ጎዙን ከአፉ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ግንቦት 16 ቀን ቅምቡላ እኔ ካለሁበት ጥቂት እርምጃ ላይ ወደቀ። ስነሳ ዓለም ሁሉ በጥጥ የተጠቀጠቀ ይመስል ነበር። ከግራ ጆሮዬ ደም በአንገቴ ወረደ። ዋናው ሐኪም «አንቺ ደህና ነሽ?» እንዳለኝ ከከንፈሩ አነበብኩ። «ደህና ነኝ» አልኩ። እግሩን ያጣ ሰው እፊቴ ተኝቶ ጆሮዬን እንዴት ልበል? ከአፍታ በኋላ ከተማረኩት መሐል አንዲት የኤርትራ ወታደር ክንዷን ተመትታ አመጡልኝ። ክንዷን ሳስርላት በሌላው እጇ ጎዙን እያመለከተች «ጨርቂ፣ ጨርቂ» ትለኛለች። ቁስሏ መስሎኝ ጨመርኩበት። ራሷን ነቀነቀችና ዓይኗን ወደ ጭኗ አወረደች። ያኔ ገባኝ። ከ«ሴት አባላት ፍጆታ» እሽግ አውጥቼ ሰጠኋት፤ ሸማ ይዤ ከለልኳት። ደብተሬ ላይ 58ኛዋ እሷ ናት።

ዛላምበሳ ስንገባ ከተማ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ፍርስራሽ ብቻ ነበር። ሰኔ 11 ቀን ተኩስ የሚያቆመው ስምምነት ተፈረመ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ ሰላሙ ተፈረመ። ከዚያ ስንብት መጣ። በስንብቱ ሰልፍ ላይ መዝጋቢው «የደረሰብሽ ጉዳት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከኋላዬ ክራንች የያዘ ልጅ ቆሟል። «የለም» አልኩ። እሱም «የለም» ብሎ ጻፈ። ከዓመታት በኋላ የጆሮዬን ጉዳይ ይዤ አንድ ቢሮ ስሄድ ያ «የለም» ከፊቴ ተቀምጦ ጠበቀኝ። የሕክምና ቦርድ ማስረጃ የለኝም፣ የሪፈር ወረቀት የለኝም፣ ካርድ የለኝም። ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ «እህቴ፣ እኔ የማምነው ወረቀቱን ነው» አለኝ።

እባክሽ እዚህ ላይ አድምጪኝ። ትንሽ የምትመስልሽን ጉዳት ሁሉ ለሐኪም አሳይተሽ አስመዝግቢ፤ ጆሮ፣ ጀርባ፣ ጉልበት፣ ማኅፀን፣ እንቅልፍ። የጎን ሰው የባሰ መጎዳቱ ያንቺን ጉዳት አያድነውም። የሕክምና ካርድሽን፣ ሪፈርሽን፣ ቦርድ ከቀረብሽም ውሳኔውን፣ የአገልግሎት ምስክር ወረቀትሽንና የስንብት ወረቀትሽን ኮፒ አድርጊ፤ አንዱን ካንቺ ጋር አታስቀምጪው፣ ለምታምኚው ዘመድ ስጪ። ዋናው በእሳት፣ በጎርፍ፣ በስደት ይጠፋል። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ድረስ በመጣ ጊዜ ከሕዝቡ ጋር ወደ ደብረ ብርሃን ስንሸሽ ስንት ጡረተኛ ወታደር ማስረጃውን ቤቱ ጥሎ እንደወጣ እኔ አውቃለሁ። እኔ በዚያን ሰዓት የልጄን ልብስና ያንን ደብተር ብቻ ነው የያዝኩት።

ወደ ቤት ስመለስ እናቴ እልል አላለችም፤ በር ዘግታ አለቀሰች። ከዚያ እግሬን አጠበችኝና «ልጄ፣ ይህን ነገር ለሰው አታውሪ» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። ሁለት ዓመት ወንዶች መሐል ያደረች ሴት ምን ተብላ እንደምትታማ ታውቃለች። ሽማግሌ የላኩ ሰዎች ወታደር እንደነበርኩ ሲሰሙ ነገሩን ተዉት፤ ያው ሰፈር አብሮኝ ለዘመተው ልጅ ግን በግ አርዶ ተቀበለው። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ እናቴ የደንብ ልብሴን ጃኬት ቀዳ የጤፍ ጆንያ ስትጥፍበት አገኘኋት። ያኔም ዝም አልኩ። ቤተሰብ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ ልብሷን አትቅደዱባት። ለወንድሟ እንዳደረጋችሁት ለእሷም አድርጉላት፤ ሌላው ቢቀር «እንኳን በሰላም መጣሽ» ብላችሁ ጎረቤት ጥሩ።

በስንብት ያገኘሁትን ገንዘብ ለነርስነት ትምህርት ከፈልኩት። ብዙ ጓደኞቼ ለዘመድ አበደሩት፣ ለለቅሶና ለተዝካር አወጡት፤ አልቆ ቀረ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ አንድ ሙያ ላይ ከዋለ ግን ይበቃል። ባለቤቴን ያገኘሁት እዚያው ትምህርት ቤት ነው። ሁሉንም ነገርኩት፤ ከውሃው በቀር።

አንድ የቡሄ ሰሞን አንድ ሽማግሌ በዱላ እየተደገፉ ደጄ ደረሱ። ከደላንታ ነው የመጡት። መርዶው ከደረሳቸው ቆይቷል፤ ልጃቸው ጋር የነበረ አንድ ወታደር ሐኪሟ የደሴ ልጅ መሆኗን ነግሯቸው ሲያፈላልጉኝ ከርመዋል። ደብተሬን አወጣሁ። 51ኛው ላይ ስሙን አነበብኩላቸው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተመታበትን። ማንበብ ስለማይችሉ ጣታቸውን አስይዤ ስሙ የተጻፈበት ላይ አስቀመጥኩላቸው። ጣታቸውን ሳያነሱ ብዙ ቆዩ። ከዚያ የፈራሁትን ጠየቁኝ። «ውሃ አልጠየቀም?»

«ጠይቋል፣ አባባ።»

«አጠጣሽው?»

ልዋሽ እችል ነበር። «አላጠጣሁትም። ሆዱን ለተመታ ሰው አይሰጥም። በጎዝ ከንፈሩን አረጠብኩለት» አልኳቸው። ዝም አሉ። ዱላቸውን ከጉልበታቸው ወደ ጉልበታቸው አዛወሩ። «ከንፈሩ ረጥቧል ነው የምትይኝ?» አሉ። «አዎ።» «እንግዲያ ደርቆ አልሞተም» አሉና ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ፤ ከግንቦት 1992 ዓ.ም. ወዲህ ስለዚያ ልጅ ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነበር።

ያን ለቅሶ ተከትሎ ተሻለኝ ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ። አልተሻለኝም። ልጄ ሌሊት ነቅታ «እማዬ ውሃ» ስትል እጄ እየተንቀጠቀጠ ብርጭቆ እሰብር ነበር። አልጋዬ ሥር ሦስት ጀሪካን ውሃ ሞልቼ ካላየሁ አልተኛም። የትንሣኤ ሥጋ ሲጠበስ ከቤት ወጥቼ እሄዳለሁ። ያለ ምክንያት ባለቤቴ ላይ እጮኻለሁ። ሁለት ሳምንት ጸበል ገባሁ፤ ጥቂት ሰላም አገኘሁበት፣ አላቃልለውም። ያጠመቁኝ አባት ናቸው «ልጄ፣ ጸበሉንም ጠጪ፣ ሐኪሙም ይይሽ» ያሉኝ። አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ሄድኩ። «አማኑኤል ገባች» መባል በአገራችን ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ሁለት ጊዜ ከበሩ ተመልሻለሁ። ሦስተኛው ላይ ገባሁ። ሐኪሟ ወጣት ነበረች። እያቋረጠች አልጠየቀችኝም፤ ስለ ውሃው እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ይህ የታወቀ ሕመም መሆኑን፣ እብደትም እርግማንም አለመሆኑን፣ ሕክምና እንዳለው ነገረችኝ። መድኃኒቱም ንግግሩም ረጅም ጊዜ ወሰደ። መድኃኒቱን ሲሻልሽ በራስሽ አታቋርጪ፤ እኔ አቋርጬ ከመጀመሪያው ጀምሬአለሁ። ዛሬ አልጋዬ ሥር አንድ ጀሪካን ነው ያለው።

መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የዛላምበሳ ድንበር ሲከፈት በቴሌቪዥን አይቻለሁ። ከሁለቱም ወገን ሰው ተቃቅፎ ያለቅሳል፤ እኔ ግን ከሕዝቡ ጀርባ የሚታየውን ኮረብታ ነበር የማየው፤ የካብነው ድንጋይ አለ እንደሆነ። 58ኛዋንም በዓይኔ ፈለግኋት፤ ብትኖር እንኳ እንደማልለያት እያወቅሁ። መንገዱ ጥቂት ወራት ቆይቶ መልሶ ተዘጋ።

ያቺ ቄጠማው ላይ አብራኝ የተኛችው ልጅ አሁን በየሳምንቱ ትመጣለች። የትከሻዋን ጠባሳ አሳየችኝ፤ ስትታከም የተሰጣትን ወረቀት ጠየቅኋት፤ የላትም። የት እንደታከመች፣ ማን እንዳከማት፣ በየትኛው ወር እንደሆነ እየጠየቅሁ በአንድ አዲስ ደብተር ላይ አስጻፍኳት። አብረዋት የነበሩ ሁለት ሴቶችን ስልክ አፈላልጋ አገኘች፤ ምስክር ሊሆኗት ተስማምተዋል። ካርዷን ካከማት ሆስፒታል ለማውጣት በሚቀጥለው ወር አብረን እንሄዳለን።

ጽፋ ስትጨርስ የእኔን ደብተር አንስታ አገላበጠችው። ሽፋኑ ላልቷል፣ የቀለሙ ሰማያዊ ቡናማ ሆኗል። ከ1 እስከ 62 ቆጠረች። «እትዬ፣ የእርስዎስ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

እስክሪብቶውን ተቀበልኳት። 63 ብዬ ስሜን ጻፍኩ። ጉዳት፦ የግራ ጆሮ። ቀን፦ ግንቦት 16፣ 1992 ዓ.ም.። የተሰጠ ሕክምና፦ የለም። «የተላከበት» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ልጅቷ ጠበቀችኝ። ሰኞ ጠዋት የጆሮ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ያንን አንድ ሳጥን ባዶውን ትቼ ደብተሩን በቦርሳዬ ይዤው ሄድኩ።